ፈተናን ከግፍ ስለ መለየት፤ ለጌም ሠሪ ወጣቶች የቀረበ መመሪያ

የቪዲዮ ጨዋታ፣ በዘወትር አነጋገራችን ጌም የምንለው፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች የወጣቱን የዕረፍት ሰዓት ከያዘ ብዙ ዓመታት ተቈጥረዋል፤ ዛሬ ደግሞ ሌላው የሠራውን መጫወት ብቻ አልበቃ ብሏቸው የራሳቸውን ጌም ለመሥራት የሚመኙና ሌሊቱን ከስክሪን ፊት የሚያጋምሱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች አሉን። አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ኩኩሉ የተባለውን የዶሮ ሩጫና ጥንታዊውን ገበታ ለእጅ ስልክ አዘጋጅቶ ካቀረበ ወዲህ፣ ይህ ሙያ ለጃፓንና ለአሜሪካ ብቻ የተሰጠ ጸጋ አለመሆኑ በተግባር ታይቷል። እንግዲህ የቀረው የአሠራሩ ጥያቄ ነው፤ ይህም ጽሑፍ ከዚያ ሰፊ ጥያቄ አንዱን ክፍል ብቻ ይዞ፣ ጌምን ከባድ ማድረግና ጌምን ግፈኛ ማድረግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን፣ ሠሪውም በየደረጃው አንዱን ከሌላው እንዴት ለይቶ ሊያውቅ እንደሚችል ለማስረዳት ቀርቧል።

ጀማሪ ሠሪ «ጌምህ ቀላል ነው» መባልን እጅግ ስለሚፈራ፣ ተጫዋቹ የሚሞትበትን ምክንያት ያበዛል፤ ሞቱ በበዛ መጠንም ጥበቡ የበዛ ይመስለዋል። ነገር ግን የሞት ብዛት መለኪያ አይሆንም፤ መቶ ጊዜ ወድቀው የሚነሡበት ጌም ርቱዕ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጥለውም ዐመፀኛ ሊሆን ይችላል። መለኪያው ከውድቀቱ በኋላ በተጫዋቹ ልቡና ውስጥ የሚቀረው ነገር ነው። ለምን እንደ ወደቀ በገዛ አፉ ተናግሮ በሚቀጥለው ሙከራ ምን እንደሚለውጥ ካወቀ፣ የደረሰበት ፈተና ነው፤ «ታዲያ በምን ዐውቄ?» ብሎ ከጠየቀና እናንተም ከስክሪኑ ላይ በጣታችሁ ጠቁማችሁ የምታሳዩት መልስ ካጣችሁ፣ የሠራችሁት ግፍ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘረው ሁሉ ከዚህ አንድ ጥያቄ የሚወጣ ነው።

ለዚህ ነገር ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ የሚገኙበት ይህ የጎጃም ምድር ሰውን በከባድ ነገር ፈትኖ የማሳደግን ሥርዓት በቅኔ ጉባኤዎቹ ሲያስተምር የኖረ አገር ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለምኖ ባገኘው ቁራሽ እያደረ የሚማረው ተማሪ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና በሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ በአምስት ቤቱ ዋዜማ፣ በስድስት ቤቱ ሥላሴ አልፎ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል፤ ጉባኤ ቃና ገና ያልቀናውን ልጅ መወድስ አምጣ ብሎ የሚያስጨንቅ መምህር የለም። ቀን ለብቻው ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው በሚነግርበት ሰዓት፣ ቅኔው ከተበላሸ የተበላሸው ቤቱ ስላልመታ፣ ወይም ግሱ ስላልተስማማ፣ ወይም ምሥጢሩ ስለ ሳተ መሆኑ ተለይቶ ይነገረዋል፤ ስለዚህ ተግሣጹ ቢመርም እንኳ ወደ ዛፉ ጥላ የሚመለሰው የሚያርመውን ነገር ይዞ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ መምህሩ ራሱ በጉባኤው ፊት ቅኔ ሲዘርፍ ተማሪውን በሚያስርበት በዚያው ሕግ ታስሮ መሆኑ ነው። የጌም ሠሪ ከዚህ ሥርዓት ሦስት ነገር ይወርሳል፤ ይኸውም የፈተናው ቅደም ተከተል፣ የውድቀቱ ምክንያት መገለጽ፣ የሠሪውም ለገዛ ሕጉ መገዛት ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ዩኒቲ ወይም ጎዶት የተባሉትን የጌም መሥሪያዎች ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ሉክ ወረቀት ወስዳችሁ በሦስት ረድፍ ከፋፍሉት፤ በመጀመሪያው ረድፍ ተጫዋቹ ማድረግ የሚችለውን ሁሉ፣ በሁለተኛው ረድፍ ሊጎዳው ወይም ሊገድለው የሚችለውን ሁሉ፣ በሦስተኛው ረድፍ ደግሞ እያንዳንዱ ጎጂ ነገር ከመጉዳቱ በፊት በምን ምልክት እንደሚታወቅ ጻፉ። ሦስተኛው ረድፍ ባዶ የሆነበት አደጋ ምልክት እስኪገኝለት ድረስ ወደ ጌሙ አይግባ። ይህን ሥርዓት በፍጹምነቱ ማየት የሚወድ ሰው መሬት ቆፍረው ገበታ የሚጫወቱ እረኞችን ይመልከት። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ገበታና ስለ መሰሎቹ ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት የአጨዋወቱ ዓይነት ከአገር አገር እጅግ ይለያያል፤ ሆኖም ጠጠሩ ሁሉ ከሁለቱም ተጫዋቾች ዐይን ፊት የተዘረጋ ነው፣ የተሰወረ ነገር የለም፣ ዕድልም አይገባበትም። ከባድነቱ ሁሉ የሚመጣው ወደፊት አስቦ ከመቍጠር ነው። ጌማችሁ እንደ ገበታ ፍጹም ግልጽ መሆን ባይኖርበትም፣ ተሸናፊው ቢጠይቅ «እነሆ፣ እዚህ ነበረ» ብላችሁ ልታሳዩት ይገባል።

ሁለተኛው ሥራ ከመምታት በፊት ማስጠንቀቅ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ፤ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ግፍ የሚበዛው በዚህ ነውና። ለምሳሌ ያህል የቆሎ ተማሪ ጌም እየሠራችሁ ነው እንበል፤ ተማሪው ከጮቄ ተራራ ግርጌ ካሉት መንደሮች በአንዱ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ወደ ደጅ ሲሄድ፣ ጠላቱ በየአጥሩ ውስጥ ያለው ውሻ ነው። ግፈኛው ሠሪ ውሻውን ከአጥሩ ኋላ ደብቆ፣ ተማሪው ከደጁ እንደ ደረሰ በአንድ ጊዜ ዘልሎ እንዲነክሰው ያደርጋል፤ ተጫዋቹም ሞቶ ይመለስና በዚያ ቦታ ውሻ እንዳለ በቃሉ ያጠናል፤ በሚቀጥለው ደጅም እንዲሁ ሞቶ ያጠናል። ይህ ልጅ ከሃያ ደጅ በኋላ ስለ ውሻ ያወቀው አንዳች ነገር የለም፤ የሚያውቀው የሃያ ሞቱን ዝርዝር ብቻ ነው።

ርቱዕ የሆነው ሠሪ ግን እንዲህ ያደርጋል። በመጀመሪያው ደጅ ውሻው ታስሮ ይጮኻል፤ ተጫዋቹ ያለ አንዳች አደጋ ድምፁን ከውሻ ጋር ያዛምዳል፣ ሰንሰለቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚዘረጋም ያያል። በሁለተኛው ደጅ ውሻው ሳይታይ ጩኸቱ ብቻ ይሰማል፤ ተማሪው በትሩን ካዘጋጀ ያመልጣል። በሦስተኛው ደጅ የማይጮኽ ውሻ አለ፤ ነገር ግን ዶሮዎቹ ከአጥሩ ሥር በድንጋጤ ይበተናሉ፣ የተበጠሰው ሰንሰለትም ከግንዱ አጠገብ ወድቆ ይታያል። ይህ ሦስተኛው ደጅ ከግፈኛው ሠሪ ደጅ ይልቅ የሚከብድ ነው፣ ብዙ ተጫዋችም ይነከስበታል፤ የተነከሰው ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ሲያስብ «ሰንሰለቱን አይቼው ነበር» ይላል። እንዲህ ያለ ቃል ከተጫዋች አፍ ከሰማችሁ ደጁን አትንኩት፤ እንደ ሆነ ይቈይ።

የማስጠንቀቂያው ጊዜ ምን ያህል ይሁን? ሰው በዐይኑ ላየው ድንገተኛ ምልክት በጣቱ ለመመለስ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ይህም የሚመጣውን አውቆ ለተዘጋጀ ሰው ነው፤ ከሁለትና ከሦስት መንገድ አንዱን መምረጥ ካለበት ጊዜው ይረዝማል። በሰከንድ 60 ፍሬም የሚያሳይ ስልክ ለእያንዳንዱ ፍሬም 17 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሲወስድ፣ 30 ብቻ የሚያሳየው 33 ይወስዳል፤ ርካሽ ስክሪን የጣትን ንክኪ ዘግይቶ በመቀበሉ የሚጨመረውም አለ። ይህ ሁሉ ሲደመር በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ምልክቱ ከታየበት እስከ መምቻው ድረስ ከግማሽ ሰከንድ ያላነሰ ጊዜ ስጡ እላለሁ፤ ወደ ኋላ ማሳጠር ይቻላል፣ ነገር ግን ከሰው ጣት አቅም በታች የወረደ ፈተና ፈተና መባሉ ይቀራል። ደግሞም ጎጂው ነገር የሚነካበት ወሰን ከሥዕሉ ጥቂት ይነስ፣ የሚጠቅመው ነገር የሚነካበት ወሰን ከሥዕሉ ጥቂት ይብለጥ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውና በከባድነቱ የታወቀው ሴለስት የተባለው ጌም፣ ተጫዋቹ ከገደሉ ጫፍ ካለፈ በኋላ እንኳ ለጥቂት ፍሬሞች ያህል እንዲዘል ይፈቅድለታል፤ ዐይን ከጣት ስለሚቀድም፣ «ከጫፉ ላይ ሆኜ ዘልያለሁ» ብሎ በቅንነት የሚያምነውን ሰው ማሽኑ ሐሰተኛ እንዳያደርገው ነው።

ሦስተኛው፣ ትምህርቱን አንድ በአንድ ስጡ። በ1985 እ.ኤ.አ. ኒንቴንዶ ያወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ በመጀመሪያው መድረክ መጨረሻ አካባቢ ሁለት ጥንድ ደረጃዎችን አከታትሎ ያቀርባል፤ በመጀመሪያው ጥንድ መካከል ያለው ደረቅ መሬት ስለሆነ ዝላዩ ቢበላሽ ጉዳት የለውም፣ መልኩ አንድ ዓይነት በሆነው በሁለተኛው ጥንድ መካከል ግን ገደል አለ። ተጫዋቹ አንዲት ቃል ሳይነገረው ተማረ፣ ወዲያውም ተፈተነ። በእናንተም የቆሎ ተማሪ ጌም የክረምት ወንዝ መሻገር ካለ፣ አስቀድሞ ድንጋዩ የሚታይበት ጥሩ ምንጭ ይምጣ፣ ከዚያ ውኃው የደፈረሰበት ወንዝ ይከተል፣ ሙላትና ውሻ በአንድ ላይ የሚመጡበት ቦታ ደግሞ ሁለቱም ለየብቻ ከተለመዱ በኋላ ይሁን። ሁለት ያልተማሩትን ነገር በአንድ ጊዜ መጠየቅ ተማሪውን ሳይሆን የመምህሩን ትዕግሥት ማነስ ያሳያል።

አራተኛው ስለ መሰወር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ስለሆነ በጥንቃቄ ልትመለከቱት ይገባል። ከላይ የተባለውን ሁሉ የሰማ ሠሪ ምሥጢርና ማታለያ ከጌም ውስጥ ፈጽሞ የተከለከሉ ይመስለው ይሆናል፤ እንዲህስ አይደለም። ቅኔ ወርቁን በሰም ይሰውራል፣ ያለ ስውርነቱም ቅኔ አይሆንም ነበር፤ ነገር ግን መክፈቻውን ከዚያው ከሰሙ ውስጥ፣ በኅብሩ ቃል ላይ አኑሮ ስለሚሄድ ሰሚው ሲደርስበት በገዛ ብልኀቱ ደስ ይለዋል እንጂ ተታለልሁ አይልም። የዚህ ተቃራኒ የሚሆነው በ1986 እ.ኤ.አ. በጃፓን የወጣው ሁለተኛው ሱፐር ማሪዮ ነው። በፊተኛው ጌም እንጉዳይ ሁልጊዜ የሚጠቅም መሆኑን ለተጫዋቹ ካስተማረው በኋላ፣ ይህ ጌም ገና በመጀመሪያው መድረክ እጅግ የሚመስለውን መርዘኛ እንጉዳይ አቀረበለት፤ ከዚህም ሌላ ወደፊት የሚያሻግር መስሎ ወደ ኋላ የሚመልስ መሸጋገሪያ አኖረበት። የኒንቴንዶ የአሜሪካ ቅርንጫፍም ጌሙ ለአገሩ ተጫዋች የማይመች መሆኑን አይቶ ሳይቀበለው ቀርቶ፣ በሁለተኛው ማሪዮ ስም በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሌላ ጌም ነበረ። ስለዚህ መሰወር ስትፈልጉ መክፈቻው በዚያው ቦታ ይገኝ፤ ራሳችሁ ያስተማራችሁትን ሕግ ደግሞ ያለ ምልክት አትሻሩ።

አምስተኛው ዕድልን መግራት ነው። ዕጣ በሚገባበት ጌም ውስጥ የሒሳብ እውነትና የሰው ስሜት አይገናኙም። ሲቪላይዜሽን የተባለውን ጌም የሠራው ሲድ ማየር በ2010 እ.ኤ.አ. በጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ እንዳስረዳው፣ ሦስት ለአንድ የሚያመዝን ኀይል ይዞ የተሸነፈ ተጫዋች እንደ ተበደለ ሲቈጥረው፣ አንድ ለሦስት ሆኖ ያሸነፈው ግን ምንም አይደንቀውም። ሒሳቡን ጠብቃችሁ ዝም ብትሉ በሕግ አትከሰሱም፤ ጥበበኛ ሠሪ ግን ዕጣውን ጥቂት ያለዝበዋል። ዛሬ በተለመደው የቴትሪስ አሠራር ሰባቱ ቅርጾች እንደ አንድ ከረጢት ተደባልቀው ሁሉም ወጥተው እስኪያልቁ ድረስ አንዱ ስለማይደገም፣ ተጫዋቹ ረጅሙን ቅርጽ ቢጠብቅ በመካከሉ ከ12 የበለጠ ሌላ ቅርጽ ሊመጣበት አይችልም። ዕድሉ ዕድልነቱን ሳይለቅ ወሰን ተበጀለት። በተረፈ ዕጣው ከተጫዋቹ ውሳኔ በፊት ቢወጣ ይሻላል፤ «ዛሬ ዝናብ ነው፣ በየትኛው መንገድ ትሄዳለህ?» ብሎ መጠየቅ ርትዕ ሲሆን፣ መንገዱን ካስመረጡ በኋላ ዝናብ አዝንቦ መግደል በደል ነው።

ስድስተኛውን የውጭ አገር መጻሕፍት እምብዛም አያነሡትም፤ ለእኛ ግን ዋና ነገር ነው፤ ይኸውም ተጫዋቹ የሚጫወትበት ዕቃና የሚኖርበት ሁኔታ ነው። በየከተማችን ያሉትን የፕሌይስቴሽን ቤቶች ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ተሸናፊ የሚከፍልበት ስለሆነ ክርክሩ ብርቱ ነው፣ ክርክሩም ከጨዋታው ይልቅ ስለ ጆይስቲኩ ነው፤ አንዱ ጆይስቲክ ቍልፉ ስለሚጣበቅ ወይም ሳይነኩት ወደ ጎን ስለሚስብ፣ ልጆቹ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት እየነካኩ ይፈትኑታል፣ እኩል ጊዜ ሲሆን እንለዋወጥ የሚልም አለ። እነዚህ ልጆች ፈተናው በሰውና በሰው መካከል መሆን እንዳለበት ያለ መምህር ዐውቀዋል። እናንተም ጌማችሁን በጓደኛችሁ አዲስ ስልክ ላይ ብቻ ሞክራችሁ አትርኩ፤ ስክሪኑ የተሰነጠቀውን፣ ማኅደረ ትውስታው የሞላውን፣ ያረጀውን ስልክ ፈልጋችሁ ሞክሩት፤ በዚያ ላይ የሚንቀረፈፍ ጌም ድሀውን ተጫዋች በድህነቱ ይቀጣዋልና። መብራት ያለ ቀጠሮ በሚጠፋበት አገር ደግሞ ባትሪው ያለቀበት ልጅ የአንድ ሰዓት ድካሙን እንዳያጣ ጌሙ በየጥቂት ደቂቃው ራሱ ይመዝግብ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቈይ፣ ለመከፈት ኢንተርኔት የሚጠይቅ ጌም ሁሉ በባለቤቱ እጅ ሆኖ የማይነካ ዕቃ ሆነ። ለብቻ የሚጫወቱት ጌም ያለ ኢንተርኔት ሊከፈት ይገባል፤ በዚህ ነገር ላይ ይቅርታ የምቀበልበት ምክንያት አይታየኝም።

ሰባተኛው የውድቀት ዋጋ ነው። ፈተናው ከባድ በሆነ ቍጥር ዳግም የመሞከሪያው መንገድ አጭር ይሁን፤ አሥር ሰከንድ ለሚፈጅ ከባድ ዝላይ አምስት ደቂቃ የታወቀ መንገድ እንደገና ማስኬድ ችሎታን አይፈትንም፣ ዕድሜን ይበላል እንጂ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ዳርክ ሶልስ በዓለም ሁሉ በጭካኔው የተነገረለት ጌም ቢሆንም፣ ተጫዋቹ ሲሞት ያከማቸውን ሀብት ከሞተበት ቦታ ላይ ያቈይለታል፤ ዳግመኛ ሳይሞት ከዚያ ከደረሰ ይመለስለታል፣ በመንገድ ላይ ከሞተ ግን ይጠፋበታል። ቅጣት አለ፣ ከቅጣቱ ጋርም የንስሓ መንገድ አለ። ከሞቱ በኋላ የሚመጣው ስክሪን ደግሞ «ሞተሃል» ብሎ ዝም ከሚል የገደለውን ነገር ለአንድ አፍታ ቢያሳይ፣ የአስነጋሪውን ሥራ ሠራ ማለት ነው።

ስምንተኛው ስለ ደካማውና ስለ ብርቱው ነው። ቀደም ብዬ ያነሣሁት ሴለስት ሊወጣው ላልቻለ ሰው የጌሙን ፍጥነት የሚቀንስበትና ሌላም እርዳታ የሚያገኝበት ክፍል አለው፤ ይህንም ያለ ዘለፋ ያቀርበዋል። ብርቱዎቹን ደግሞ ከመንገድ ወጣ ባሉ አስቸጋሪ ቦታዎች ባኖራቸው እንጆሪዎች ይጠራቸዋል፤ እንጆሪው ጌሙን ለመጨረስ አይጠቅምም፣ ክብሩ የመልቀሙ ብቻ ነው። ይህ አሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በቀድሞው የመኳንንቱ ሰንጠረዥ ንጉሡን በኀይለኛ ጠጠር ማሰር እንደ ተራ ነገር ሲቈጠር፣ በደካማ ጠጠር ማሰር የሚያስመሰግን እንደ ነበረ ጨዋታውን ያዩ ተጓዦች ጽፈዋል። አሸናፊው አሸናፊ መሆኑ ሳይቀር የበለጠውን መከራ በፈቃዱ መረጠ። በጌማችሁም ከሁሉ የሚከብደው ነገር በፈቃድ የሚመረጥ ይሁን፤ ሁሉ በግድ የሚያልፍበት በር ግን ላስተማራችሁት ሁሉ የሚከፈት ይሁን።

ዘጠነኛውን በአጭሩ እናገራለሁ። በሳንቲም ይጫወቱባቸው በነበሩት የቀድሞ ማሽኖች ዘመን ተጫዋቹ ቶሎ ሲሞት ባለ ማሽኑ ቶሎ ገንዘብ ስለሚያገኝ፣ ብዙ ጌም ከጥበብ ይልቅ ለሣጥኑ ሲል እንዲከብድ ተደርጓል። ዛሬም በእጅ ስልክ ላይ ሊያልፉት የማይችሉትን ግድግዳ አቁሞ ከግድግዳው ሥር መሰላል የሚሸጥ ጌም ሞልቷል። የምትኖሩበት ሥራ ነውና ሽጡ፤ ጌሙን ራሱን ሽጡ፣ ተጨማሪ መድረክ ሽጡ፣ ለጀግናው ልብስ ሽጡ። እናንተው ሆን ብላችሁ ከፈጠራችሁት መከራ መዳኛን መሸጥ ግን ከሁሉም የከፋው ግፍ ነው፤ ገንዘቡንም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው የወላጁን ስልክ የያዘ ሕፃን ነው።

የመጨረሻው ሥራ መፈተሽ ነው፤ ያለዚህ የተባለው ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል። በመጀመሪያ ራሳችሁን ፈትኑ፤ እንደ ቅኔው መምህር በሕጋችሁ ታስራችሁ፣ ያለ ምንም የተሰወረ አቋራጭ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተጫወቱት፤ ማለፍ ካቃታችሁ ለማንም አትስጡት። ነገር ግን በእናንተ ማለፍ አትመኩ፤ የእያንዳንዱን ውሻ ደጅ የምታውቁት እናንተ ስለሆናችሁ ለእናንተ ግፍ የሚባል ነገር ሊታያችሁ አይችልም። ስለዚህ ጌሙን ፈጽሞ ያላየ ሰው ፈልጉ፤ የጌም ልማድ ያለውን አንዱን፣ ምንም የሌለውን ሌላውን፣ ታናሽ እኅታችሁንም ቢሆን አስቀምጧት። ስልኩን ከሰጣችኋት በኋላ አጠገቧ ተቀመጡና ዝም በሉ። ይህ ዝምታ ከሥራው ሁሉ የሚከብድ ነው፤ ልጅቱ በተሳሳተ መንገድ ስትሄድ አፋችሁ «ወደ ቀኝ» ሊል ይቸኵላል፤ ነገር ግን ጌሙ ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ በየቤቱ ሄዳችሁ ወደ ቀኝ ልትሉ አትችሉም።

በእጃችሁ ደብተር ይኑር፤ በአንድ መስመር ላይ አንድ ውድቀት ጻፉ፤ የት እንደ ወደቀች፣ ምን እንደ ጣላት፣ በወደቀችም ጊዜ ከአፏ የወጣውን ቃል እንዳለ አስፍሩ፤ ከሣቀችም ጻፉ፣ ስልኩን ካስቀመጠችም ጻፉ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ በእያንዳንዱ መስመር ላይ «ለምን ወደቅሽ?» ብላችሁ ጠይቋትና መልሷን ከጎኑ አስፍሩ። «ቸኵዬ ነው»፣ «ሰንሰለቱን ሳላስተውል ቀረሁ»፣ «ዘግይቼ ዘለልሁ» ያለችበትን መስመር እለፉት፣ ደጋግማ ብትወድቅበትም አታቅልሉት። ከዚያ በኋላ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ሥራ ጠረጴዛችሁ ተመለሱ፤ «በምን ዐውቄ?» ከሚለው መስመርም ጀምሩ።